ጥቁሩ ሰታቴ፦ ዲዝኒን አንገት ያስደፋ ፊልምና የደሴ ልጆች ስክሪፕት

ደሴ ውስጥ «አኒሜሽን ፊልም ልንሠራ ነው» የሚል ወጣት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያሳይህ ፖስተር ነው። ታሪኩ በኋላ ይደርሳል። በቅርቡ የመጡት ልጆችም እንደዚሁ ናቸው፤ ፖስተራቸው ግን እውነት ለመናገር ያምራል።

ፊልሙ አስማታቸው ስለማይታዘዝላቸው ልጆች ነው። አንዱ ዝናብ መጥራት ይችላል፣ ግን የሚዘንበው የራሱ ቤት ላይ ብቻ ነው። አንዷ አህያ የሚያወራውን ትሰማለች፤ ችግሩ አህዮቹ ስለ ጭነት ከማማረር ሌላ ወሬ የላቸውም። ሌላዋ በዋሸች ቁጥር ጥላዋ አኩርፎ ጥሏት ይሄዳል። በየመንደራቸው «ይሄ ልጅ ጤናም የለው» እየተባሉ የተገፉ ናቸው። ጦሳ ተራራ ላይ ይገናኙና የነገሩ መጨረሻ ሐይቅ ዳር ይሆናል። አህዮቹ ጋ ስንደርስ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፈቱልኝ። የመጨረሻው ፍልሚያ ተሠርቶ አልቋል! በብሌንደር (በኮምፒውተር አኒሜሽን መሥሪያው ሶፍትዌር)፣ ጭሱ፣ ብርሃኑ፣ የሐይቁ ነጸብራቅ ሳይቀር ገብቶበት። መሀሉ ግን የለም። ልጆቹ ከጦሳ ተነስተው ሐይቅ ድረስ ለምን ይወርዳሉ? ጠላታቸው ምን ፈልጎ ነው የሚያሳድዳቸው? አልተጻፈም። «እሱን እየሠራን እናስተካክለዋለን ጋሼ» አለኝ አንደኛው፣ ቡናውን ፉት እያለ፣ ምንም ሳይመስለው።

እኔ ደግሞ ይህቺን «እየሠራን እናስተካክላለን» ስሰማ ሆዴ ባር ባር ይለዋል። ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ የአንድ ፊልም ጉዳይ ተረኩላቸው። እዚህ የምጽፈው እሱኑ ነው፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ። የተጠቀምኩባቸው ዓመቶች፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ

ስሙ «ዘ ብላክ ኮልድረን» ነው። እኛ ጥቁሩ ሰታቴ እንበለው። የዲዝኒ ሥራ ነው፣ በ1985 የወጣ፣ 80 ደቂቃ።

ታራን የሚባል ልጅ አለ። ሥራው አሳማ መጠበቅ ነው፤ እሱም በረዳትነት። ህልሙ ታላቅ ተዋጊ መሆን ነው። የሚጠብቃት አሳማ ግን ተራ አሳማ አይደለችም፤ ሄን ዌን ትባላለች፣ የተሰወረ ነገር ታያለች። ባለቀንዱ ንጉሥ የሚባል ክፉ አለ፤ የሞቱ ተዋጊዎችን ከመቃብር የሚያስነሳ ጥቁር ሰታቴ ይፈልጋል፤ የት እንዳለ ልትነግረው የምትችለው ደግሞ ይህች አሳማ ብቻ ናት። ታራን አሳማዋን ይዞ እንዲሸሽ ይላካል፣ መንገድ ላይ በሐሳቡ ጀግና ሆኖ ሰይፍ ሲመዝ አሳማዋ ትጠፋበታለች። ከዚያ አንድ በአንድ እንደሱው የትም የማይገጥሙ ሰዎች ይገጥሙታል፦ የምትበራ አስማተኛ ኳስ ያላት ኢሎንዊ የምትባል ልዕልት፣ በዋሸ ቁጥር የበገናው ክር የሚበጠስበት ፍሉደር የሚባል አዝማሪ፣ እና ጉርጊ፤ ጉርጊ ሰው ይሁን እንስሳ የማይለይ፣ ጸጉራም፣ ሆዳም፣ ፈሪ ፍጡር ነው።

(የበገናውን ክር ሲሰሙ የእኛዋ ባለ ጥላ ልጅ ደራሲ ፊቷ ቀላ። «አላየሁትም እኮ!» አለች። አምናታለሁ። ውሸታምን የሚያጋልጥ ዕቃ በየአገሩ ተረት ውስጥ አለ፣ የማንም የግል ንብረት አይደለም።)

ሰታቴው ራሱ ሊሰበር አይችልም። ኃይሉን ማቆም የሚቻለው በሕይወት ያለ ሰው በገዛ ፈቃዱ ዘሎ ሲገባበት ብቻ ነው። የገባ ደግሞ አይወጣም።

ይህን ታሪክ ለደሴ ልጅ ስትነግረው ዓይኑ ይበራል። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ዲዝኒን የሚያህል ቤት እንዴት ወደቀ?

አምስት መጽሐፍ፣ አንድ ፊልም

ምንጩ ሎይድ አሌክሳንደር የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ከ1964 እስከ 1968 ያሳተማቸው አምስት የልጆች መጻሕፍት ናቸው። ሰውየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆኖ ዌልስ ውስጥ ሠልጥኖ ነበር፤ የአገሩ ተረት ልቡ ውስጥ ቀረ፣ ከዚያ ፕራይደን የምትባል ምናባዊ አገር ፈጠረ። የመጨረሻው መጽሐፍ በ1969 የኒውበሪ ሜዳልያ አግኝቷል። ለልጆች መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ከዚያ በላይ የሚባል ሽልማት የለም።

ዲዝኒ መጻሕፍቱ ላይ እጁን የጣለው በ1971 ነው። ፊልሙ የወጣው በ1985። አስራ አራት ዓመት! ልጅ ተወልዶ ስምንተኛ ክፍል የሚደርስበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ እዚህ ይጀምራል። አምስቱን መጽሐፍ አንድ ፊልም ውስጥ መክተት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጨምቀው አንድ ሆኑ። ባለቀንዱ ንጉሥ በመጽሐፉ ውስጥ የሌላ ትልቅ ክፉ አሽከር ነው፣ እዚያው መጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ያልቅለታል። ፊልሙ ላይ ግን አለቃ ሆኖ ተሾመ። መሾሙ ባልከፋ፤ ከሹመቱ ጋር የሚሄድ ባህርይ ግን አልተሰጠውም። ያስፈራል፣ ድምፁን የሰጠው ጆን ኸርት ነው፣ ሲያንሾካሹክ ብቻ ጸጉር ያቆማል። ግን ዓለምን ከመግዛት በቀር ምን እንደሚፈልግ አታውቅም። የሞተ ሠራዊት አስነስቶ ከዚያ ምን ሊሆን ነው? አይነገርም።

አሳማዋን ደግሞ ተመልከቱ። ጉዞው የተጀመረው በእሷ ምክንያት ነው። ታራን ከቤቱ የወጣው እሷን ሊያድን ነው። ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ የተረት ትንንሽ ሰዎች አገኘናት ይላሉ፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ «በሉ እንግዲህ ሰታቴውን እንፈልግ» ብለው ሌላ ፊልም ይጀምራሉ። የእኛዎቹን ልጆች ጥያቄ የጠየቅኳቸው ለዚህ ነው፦ ከጦሳ የተነሱበት ምክንያት ሐይቅ ሲደርሱም አብሯቸው አለ ወይ?

ማን ነበር ወሳኙ?

ዋልት ዲዝኒ የሞተው በ1966 ነው። እሱ እያለ ክርክር ሁሉ የሚያልቀው እሱ ጋ ነበር። ከሞተ በኋላ ስቱዲዮው ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ «ዋልት ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» የሚል ሆነ። ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ሰውየው የለማ።

በ70ዎቹ የስቱዲዮው ሥራ በአማቹ በሮን ሚለር እጅ ወደቀ። ፊልሙ በ1980 ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ አኒሜተሮቹ የሰው ገጸ ባህርይ ለመሳል ገና አልበሰሉም ተብሎ ወደ 1984 ተገፋ። ነባሮቹ አንጋፋዎች ጡረታ እየወጡ ነው፣ አዲሶቹ ወጣቶች ደግሞ ደም የሚፈላባቸው ናቸው። በመስከረም 1979 ዶን ብሉዝ የሚባለው ቁልፍ አኒሜተር «እኔ የራሴን ስቱዲዮ እከፍታለሁ» ብሎ ወጣ፣ ከአስር በላይ ባልደረቦቹም ተከትለውት ሄዱ። የተቀሩት ተሳስበው የጀመሩትን ሌላ ፊልም መጨረስ ነበረባቸው። ሰታቴው ይጠብቅ ተባለ።

ከዚያ የዳይሬክተር ነገር መጣ። ጆን መስከር የሚባል ወጣት ለዳይሬክተርነት ታጭቶ የመጀመሪያውን ክፍል እንዲያሰፋ ተሰጠው። «ቀልድ አበዛህ» ተባለ። በመጨረሻ እሱም፣ ሮን ክሌመንትስ የሚባል ጓደኛውም ከፕሮጀክቱ ወጥተው ሌላ ትንሽ ፊልም ላይ ተመደቡ። እነዚህን ሁለት ስሞች ያዙልኝ። በ1980 ጆ ሄል ፕሮዲውሰር ሆነ፤ ቴድ በርማንና ሪቻርድ ሪች ዳይሬክተር። ቲም በርተንም፣ አዎ ያ በኋላ ዝነኛ ዳይሬክተር የሆነው ቲም በርተን፣ ያኔ እዚያው ተቀጣሪ ነበር፤ ለፊልሙ ፍጡራን ብዙ ንድፍ ሣለ። አንዱም አልተወሰደም። ስታይሉ ከቤቱ ጋር አይሄድም ተብሎ መሆን አለበት። እኔ ግን ስለማይገጥሙ ልጆች በሚሠራ ፊልም ውስጥ የማይገጥመውን ልጅ መግፋት ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም።

ገጸ ባህርያቱን እንዲነድፍ ደግሞ ጡረታ የወጣው አንጋፋው ሚልት ካል ተለመነ። ልብ በሉ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይሰርዛል፣ አንዱ ይነድፋል፣ ሌላው «የድሮውን አምጡ» ይላል። በዚህ ሁሉ መሀል ስዕሉ እየተሣለ ነው። ሰው ደመወዝ እየበላ ነው። ታሪኩ ሳይቆረጥለት ቀለሙ ይቀባል። ስቶሪቦርድን፣ ማለትም ፊልሙን መጀመሪያ በእርሳስ ንድፍ ግድግዳ ላይ ደርድሮ ማየትን፣ በ1930ዎቹ ለዓለም ያስለመደው ይኸው ቤት መሆኑ ነው የሚገርመው።

መቀሱ

1984 ዲዝኒ ውስጥ የነውጥ ዓመት ነበር። አንድ ባለሀብት ኩባንያውን ሊጠቀልለው ሞከረ፣ በስንት መከራ ተረፈ። በመስከረም ሮን ሚለር ከሥልጣን ወረደ። በምትኩ ከፓራማውንት ማይክል አይስነርና ጄፍሪ ካትዘንበርግ መጡ። ሁለቱም ያደጉት በሰው በሚተወን ፊልም ነው።

ካትዘንበርግ ጥቁሩ ሰታቴ ሲሞከር አየው። መጨረሻ ላይ ሙታኑ ከሰታቴው እየተነሱ ሲወጡ ልጆች ፈርተው አዳራሹን ጥለው መውጣት ጀመሩ። ሰውየው ያለው አንድ ነገር ነው፦ ይቆረጥ። ጆ ሄል እንቢ አለ። አኒሜሽን እንዲህ አይቆረጥም አለ። ካትዘንበርግ ኤዲቲንግ ክፍል ገብቶ ራሱ መቁረጥ ጀመረ። ሄል አይስነር ጋ ደወለ፣ አይስነር ካትዘንበርግን አስቆመው። በኋላ ግን ፊልሙ ለገና ሊወጣ የነበረው ወደ ሐምሌ 1985 ተገፍቶ ወደ 12 ደቂቃ ገደማ ወጣለት። የሞቱት ወታደሮች ሰው የሚገድሉበት፣ ጭጋጉ አንዱን ሎሌ ሲያቀልጠው የሚታይበት፣ እንዲህ ያሉት ሄዱ።

እዚህ ጋ አንደኛው ልጅ አቋረጠኝ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ሁሉም ፊልም ይቆረጣል አይደል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እስቲ እናስላው። በሰው የሚሠራ ፊልም ላይ ዳይሬክተሩ አንዱን ትዕይንት ከሩቅ ይቀርጸዋል፣ ከቅርብ ይደግመዋል፣ በተዋናዩ ትከሻ ላይ ያነሳዋል። ኤዲተሩ የሚመርጠው ትርፍ አለው። ሲቆርጥ የቆረጠበትን በሌላ ምስል ይሸፍነዋል። በእጅ የተሣለ አኒሜሽን ትርፍ የለውም። ያለው የተሣለው ብቻ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ አንዱን ስዕል ሁለት ሁለቴ እያነሱ ቢቆጥቡ እንኳ ለአንድ ገጸ ባህርይ በሰከንድ 12 ስዕል ያስፈልጋል። አስራ ሁለት ደቂቃ 720 ሰከንድ ነው። በ12 ሲባዛ 8,640 ስዕል። ይህ ለአንድ ገጸ ባህርይ ነው፤ ትዕይንቱ ላይ ሦስት ካሉ በሦስት አባዛው። እያንዳንዱ በእርሳስ ተሥሎ፣ ተጣርቶ፣ ወደ ፕላስቲክ ተገልብጦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በካሜራ ተነስቷል። የሰው ዕድሜ ነው መሬት ላይ የወደቀው።

ደግሞ ጠባሳው ይታያል። ሙዚቃውን የሠራው ኤልመር በርንስታይን ነው፣ ትልቅ ሰው። ከተቀዳ በኋላ ምስሉ ሲቆረጥ ሙዚቃውም አብሮ ተቆረጠ። ሙታኑ የሚነሱበት ትዕይንት ላይ ጆሯችሁን ብትሰጡ ሙዚቃው በድንገት ዘሎ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ትሰማላችሁ። በባቲ የጀመረ ዘፋኝ ስንኙን ሳይጨርስ አምባሰል ውስጥ ሲገባ እንደመስማት ነው። ወሎዬ ጆሮ ይህን አይምርም።

ውጤቱ

ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ሐምሌ 24 ቀን 1985 ነው። በእኛ ሐምሌ 17 ቀን 1977። ያን ሰሞን ደሴ ላይ ስለ ፊልም የሚያወራ አልነበረም። ሰባ ሰባት ነው፣ ወሎ ውስጥ ሰባ ሰባት ማለት ምን እንደሆነ አላስረዳም።

የወጣበት ወጪ 44 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ይነገራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአኒሜሽን እንዲህ ያለ ገንዘብ አልፈሰሰም። አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 21 ሚሊዮን ገደማ። የበለጠ የሚያቃጥለው ደግሞ በዚያው ዓመት በመጋቢት የወጣ፣ በጥቂት ሚሊዮን ዶላር የተሠራ፣ ከሰላምታ ካርድ የተነሱ ባለቀለም ድቦች ፊልም በገቢ በለጠው። የዲዝኒ አኒሜተሮች ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው አስቡት።

ቴክኒኩ እኮ የሚናቅ አይደለም። ከ1959 ወዲህ ዲዝኒ በትልቁ የ70 ሚሊሜትር ፎርማት የሠራው የመጀመሪያው አኒሜሽን ነው። በዲዝኒ ፊልም ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ብቅ ካለባቸው የመጀመሪያዎቹም አንዱ ነው። ልጆች ከወላጅ ምክር ጋር ይዩት የሚል ደረጃ የተሰጠው የመጀመሪያው የዲዝኒ አኒሜሽን ፊልምም ይኸው ነው። ይህ ሁሉ ግን ተመልካች አላመጣም። ካሜራው ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ጠይቆ ትኬት የሚገዛ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ኩባንያው ፊልሙን ደበቀው። አሜሪካ ውስጥ በቪዲዮ ካሴት የወጣው በ1998 ነው። የእኛ ቪዲዮ ቤቶች በህንድና በካራቴ ፊልም ሲያብዱ በነበሩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህ ፊልም ካዝና ውስጥ ነበር። አኒሜተሮቹም በነዚያው የ80ዎቹ አጋማሽ ዓመታት በርባንክ ካለው የራሳቸው ሕንጻ እንዲወጡ ተደርገው ግሌንዴል ወደሚገኝ መጋዘን መሰል ግቢ ተዛወሩ። ክፍሉ ይዘጋል የሚል ወሬ ነበር።

የአብዬን ወደ እምዬ

ብዙ ሰው ጥፋቱን ካትዘንበርግ መቀስ ላይ ይለጥፈዋል። ሌላው ደግሞ «ጨለማ በዛበት፣ ለልጅ አይሆንም» ይላል። በሁለቱም አልስማማም።

ጨለማ ልጅን አያባርርም። እኛ ያደግነው በአያ ጅቦ አይደል እንዴ? አያቶቻችን መብራት በሌለበት፣ እሳት ዳር፣ ሰው ስለሚበላ ጅብ እየነገሩን ነው የተኛነው። ፍርሃቱ አንድ የምትወደው ሰው ላይ ሲመጣ ልጅ እጅህን ጨብጦ ያዳምጣል። ማንን እንደሚወድ ካላወቀ ግን ወይ ይሰለቻል ወይ ይሸሻል።

መቀሱም ቢሆን የመጣው ከበሽታው በኋላ ነው። 12 ደቂቃው ቢመለስ አሳማዋ ከመሀል መጥፋቷ አይቀርም። ባለቀንዱ ንጉሥ ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም። ታራን ራሱም አብዛኛውን ጊዜ ነገር ሲደርስበት እንጂ ነገር ሲያደርግ አይታይም፤ አስማተኛ ሰይፍ ያገኛል፣ ሰይፉ ይዋጋለታል፣ እሱ እጀታውን ይይዛል።

ይህን የምለው ፊልሙን ስለምጠላው አይደለም። ሁለት ቦታ ላይ ሕይወት አለው፣ ሁለቱም ቦታ ላይ አንድ ሰው ይመርጣል። አንደኛው ረግረጉ ላይ ነው። ሦስት ጠንቋይ እህትማማቾች ሰታቴውን ይዘዋል፣ የሚሰጡት ግን በልዋጭ ነው። ታራን ያለውን አንድ ነገር፣ ጀግና ያደረገውን ሰይፍ፣ ይሰጣል። ሲሰጥ ፊቱን እዩት። አሳማ ጠባቂነቱ ተመልሶ ሲመጣ ይታያል።

ሁለተኛው ጉርጊ ነው። ታራን ሰታቴው ውስጥ ሊገባ ሲል ያ ሆዳም፣ ያ ፈሪ፣ መንገዱን ሁሉ ፖም ሲለምን የነበረ ፍጡር ይከለክለዋል። ታራን ጓደኛ አለው፣ ጉርጊ ጓደኛ የለውም፤ እንዲህ ብሎ ዘሎ ይገባል። አዳራሹ ጸጥ የሚለው እዚህ ነው። በኋላ ጠንቋዮቹ ሰይፉን እንመልስልህ ሲሉት ታራን ሰይፉን ትቶ ጉርጊን ይጠይቃል።

በመጽሐፉ ውስጥ የሚገባው ሌላ ነው፤ ኤሊዲር የሚባል ትዕቢተኛ ልዑል፣ አንባቢው ሁሉ ሲጠላው የኖረ። የምትጠላው ሰው ያንን ሲያደርግ ነገሩ ይከብዳል፣ ማዘን አለብህ፣ ግን ማዘን አልፈለግክም ነበር። እኔ የመጽሐፉን እመርጣለሁ። ሆኖም የጉርጊውም ይሠራል፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ ፈሪ መሆኑ ተዘርቷል። ደራሲው አሌክሳንደርም በኋላ ሲጠየቅ ፊልሙ ከመጽሐፉ ጋር አይመሳሰልም፣ በራሱ ሲታይ ግን ወድጄዋለሁ ብሏል። ጨዋ ሰው ነው።

ሁለቱ ልጆች የት ደረሱ?

ስማቸውን ያዙልኝ ያልኳችሁ መስከርና ክሌመንትስ፣ ቀልድ አበዛችሁ ተብለው የተገፉት፣ የተመደቡበት ትንሽ ፊልም ስለ አንድ መርማሪ አይጥ ነበር። በ1986 ወጣ። ወጪው 14 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ፣ አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ25 ሚሊዮን በላይ አስገባ። አይጡም ክፉውም ምን እንደሚፈልጉ ከመጀመሪያው ይታወቃል። የአኒሜሽን ክፍሉ ተነፈሰ። በ1989 እነዚሁ ሁለት ሰዎች ስለ አንዲት የባሕር ልጅ የሠሩት ፊልም መጣና ዲዝኒን ወደ ዙፋኑ መለሰው።

ወደ ደሴ

ልጆቹ መጀመሪያ የሰጡኝ መልስ «እነሱ 44 ሚሊዮን ነበራቸው፣ እኛ ምንም የለንም፣ ምን ያገናኘናል» ነው። እኔ ደግሞ ገንዘብ የሌለው ሰው ነው ይበልጥ የሚጎዳው ባይ ነኝ። እንደገና እናስላ። እነሱ ያሰቡት 80 ደቂቃ ነው። በሰከንድ 24 ምስል፣ 115,200 ምስል ይሆናል። ላፕቶፓቸው አንዱን ምስል በሁለት ደቂቃ ሬንደር ቢያደርግ (ወደ ያለቀለት ምስል ቢቀይር)፣ ያውም ጭስና ውሃ ላለበት ሁለት ደቂቃ በጣም ደግ ግምት ነው፣ 3,840 ሰዓት ይወጣል። 160 ቀን፣ ሌት ተቀን፣ መብራት አንዴም ሳይጠፋ። ደሴ ላይ! ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አንድ ትዕይንት ታሪኩ ውስጥ አልገባ ብሎ ሲጣል ከዚህ ላይ ስንት ቀን እንደሚጣል አስሉ አልኳቸው፣ ሳቁ ቆመ።

ያቀረብኩላቸው ነገር አዲስ አይደለም። ኮምፒውተሩን ዝጉት። እያንዳንዱን ትዕይንት በእርሳስ፣ በሩብ ወረቀት፣ ዱላ በሚመስል ሰው ሣሉት። ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚያ በስልክ አንድ በአንድ አንስታችሁ በራሳችሁ ድምፅ አንብቡበትና ከዳር እስከ ዳር እዩት። ባለሙያዎቹ አኒማቲክ ይሉታል። ደግሞ የመጨረሻ ቃል የማን እንደሆነ ዛሬውኑ ወስኑ። አራታችሁም ዳይሬክተር ልትሆኑ አትችሉም። ይህኛው ላይ ትንሽ ጭቅጭቅ ተነሳ፣ ላፕቶፑ የማን ነው እስከማለት ተደረሰ፣ በመጨረሻ ባለ ጥላዋን ልጅ የጻፈችው ተመረጠች። ትክክል ይመስለኛል፤ «ለምን?» ብላ የምትጠይቀው እሷ ብቻ ነበረች።

አኒማቲኩን ሠርተው ሲያዩት የሆነው ነገር ደስ ይላል። ዝናብ የሚጠራው ልጅ ግማሹን ፊልም ቆሞ ያያል፤ ማንም ሳይነግራቸው አዩት። አህዮቹ ከገቡ በኋላ ግን የታዩበት ቤት ሰው ሁሉ «አህዮቹን መልሱልን» ማለት ጀመረ፤ የአንደኛው ልጅ እናት እንኳ ምጣዳቸውን ትተው መጥተው አዩ። ጥላዋ የሸሻት ልጅ ሰኞ ገበያ ውስጥ ጥላዋን እያባረረች በሰው ጥላ መሀል የምትፈልግበት ትዕይንት ደግሞ፣ በዱላ ስዕል እንኳ፣ ልብ ይይዛል።

ስለዚህ 80 ደቂቃው ለጊዜው ቀረ። አሁን የሚሠሩት የስምንት ደቂቃ አጭር ፊልም ነው፦ ጥላ የሸሻት ልጅ፣ ሰኞ ገበያ፣ እና አንድ ነገረኛ አህያ። ልጅቷ የምትፈልገው ግልጽ ነው፣ ጥላዋን ሳትመልስ ቤት ከገባች እናቷ መዋሸቷን ታውቃለች። የሐይቁ ፍልሚያ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ የሠራው ልጅ ትንሽ አኩርፏል፣ መብቱ ነው። ያ ሁሉ ነጸብራቅ ቀልድ አይደለም።

አሁን የቸገራቸው ድምፅ የሚቀዱበት ቦታ ነው። ፒያሳ ያገኙት ክፍል ርካሽ ነበር፣ ባጃጁ ግን አላስቀዳ አለ። ኮምቦልቻ ወርደው እንዲሞክሩ አንድ ሰው ቤት ፈቅዶላቸዋል፤ አህያውን ማን ይናገረው የሚለው ክርክር እዚያ ይቀጥላል።